ለአምስት ደቂቃ የተላኩ ሽማግሌዎች

ልጄ ሩሲያ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር ስል ሰው ሁሉ እስር ቤት ይመስለዋል። እስር ቤት አይደለም። የተቀመጠው በረዶ ሜዳ ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ራሱ ላይ ሄልሜት ደፍቶ፣ እግሩ ላይ ስለት ያለው ጫማ አጥልቆ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ሌሎቹ ሲጫወቱ ያያል።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ ዓመታት፣ ስዊድን ውስጥ ስቶክሆልም ዳር፣ አካላ ስንኖር ነው። ልጄን ያሳደግሁት ብቻዬን ነው። የበረዶ ሆኪ ያስጀመሩት በትምህርት ቤት ነው። በእኔ ቢሆን ብስክሌትም አያይም ነበር፤ እኔ የአውቶቡስ በር ሲዘጋ እንኳን ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። እሱ ግን በረዶ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል ይሉኛል። ይሉኛል የምለው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኔን ስለምሸፍን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አንድ የሩሲያ ክለብ ፈለገውና ፈርሞ ሄደ፤ ከተማዋን እስከ ዛሬ በትክክል መጥራት አልቻልኩም።

እሁድ እሁድ ይደውላል። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሱ በስዊድንኛ ይመልሳል።

"ስንት ተጫወትክ?"

"ሁለት።"

"ሁለት ጨዋታ?"

"ሁለት ደቂቃ፣ ማማ።"

ትልልቆቹ ተጫዋቾች ልጆች ያሏቸው፣ ጢማቸውን ያሳደጉ ሰዎች ናቸው አለኝ። አሰልጣኙ የሚያምነው እነሱን ነው። እነሱ አሥር ጊዜ ቢሳሳቱ ተመልሰው ይገባሉ፤ ወጣት አንድ ጊዜ ከተሳሳተ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ይቀመጣል። "ካልተጫወትኩ አልሻሻልም፤ ካልተሻሻልኩ ደግሞ አያጫውተኝም" አለ። ይህቺን ነገር እኔም አውቃታለሁ። ስዊድን የመጣሁ ጊዜ ልምድ ከሌለሽ ሥራ የለም አሉኝ። ልምዱን ከየት ላምጣው ብል፣ ከሥራ ነዋ አሉኝ።

አንድ የደበቅሁት ነገር ግን ነበረኝ። እሱ ሲያዝን እኔ ደስ ይለኝ ነበር። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጥርሱ የረገፈ ሰው አላውቅም። ከመሄዱ በፊት ለንስሐ አባቴ "ልጄን ምንም እንዳይነካው ይጸልዩልኝ" ብያቸው ነበር። ይህን ስነግረው፣

"ጸሎቱ ሠርቷል፣ ማማ። ማንም አልነካኝም። አሰልጣኙ እንኳን ትከሻዬን ነክቶ 'ግባ' አይለኝም" አለ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ስቶክሆልም ሊመጣ ሆነ። እኔ ሊመጣ ነው ብዬ መጋረጃ ሳጥብ እሱ ደወለ።

"አሰልጣኙ ከስቶክሆልም ጨዋታ በኋላ ዋናው ቡድን ውስጥ የሚቀሩትን ስም ይጽፋል" አለ። "እዚያ ካልገባሁ ስሜ አይኖርም። ወደ ታችኛው ቡድን ይልኩኛል፤ ከዚያ የተመለሰ ደግሞ አላየሁም።" ቀጥሎ "ለምን አልተወውም፣ ማማ? ሆኪውን ትቼ ልምጣ?" አለኝ።

ይህን ቃል ስጠብቅ ስንት ዓመቴ። አፌ ግን "ና" ማለት እምቢ አለ። የሃያ ዓመት ልጅ ነው፣ ድምፁ ግን ጡረታ የወጣ ሰው ድምፅ ነበር። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የወደደውን ነገር ልቀብር ነው የሚለኝ፣ እኔ ደግሞ ቀብሩ ላይ እልል ልል ነው።

በማግስቱ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሆኜ፣ ለአንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ካልሲ እያጠለቅሁላቸው አሰብኩ። አሰልጣኝም ሰው ነው። ሰው እምቢ ሲል ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላክበታል። ባል የሸሸ እንደሆን፣ አባት ልጁን አልድርም ያለ እንደሆን፣ ወንድማማች የተኳረፈ እንደሆን ሽማግሌ ይሄዳል። ሩሲያዊ ላይ ሽማግሌ አይላክም የሚል ሕግ የት አለ?

የመጀመሪያው ሽማግሌዬ ሜርስታ የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት ትራክተር ተምረው አሁን አየር ማረፊያ ዕቃ ይጭናሉ። ሩሲያኛ የሚናገሩት ሳጥን እግራቸው ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው ይባላል። ሁለተኛው ሃሉንዳ ሱቅ ያላቸው የወሎው ሐጂ ናቸው፤ የተጣላ ባልና ሚስት ሳያስታርቁ የዋሉ ቀን ራሳቸውን ያማቸዋል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ግን ጢማቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ለሽምግልና ደግሞ ጢም የሥራው ግማሽ ነው።

ቤቴ ጠርቼ ምሳ አበላኋቸው። ሐጂ እጃቸውን ታጥበው፣

"እሺ፣ ልጄ። ልጅቷ የማን ልጅ ናት?" አሉ።

"ልጅት የለችም፣ ሐጂ። አሰልጣኝ ነው።"

"ተጣልተዋል?"

"አልተጣሉም። አያጫውተውም።"

"ያጫውተው ብለን ነው የምንሄደው?"

"አዎ፣ እንደሱ ነው።"

"መልካም። ስንት ያህል?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጨዋታው ስልሳ ደቂቃ ነው። በስልሳ ደቂቃ ውስጥ የሰው አጥንት በሙሉ ተሰብሮ ያልቃል።

"አምስት ደቂቃ ይበቃዋል" አልኩ።

ጋሼ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እናት ሆነሽ አምስት ደቂቃ?"

"ብዙ ብንጠይቅ ይቆጣል ብዬ ነው፣ ጋሼ" ብዬ ዋሸሁ።

የጨዋታው ቀን ረፋድ ላይ ቡድኑ ያረፈበት ሆቴል ሄዱ። ላኪ ቤቷ ነው የምትጠብቀው፤ እኔም ቤት እጠብቃለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር። ከእነሱ በአንድ ባቡር ቀደምኩና መነጽር አድርጌ፣ የሰው ጋዜጣ አንስቼ፣ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ጥግ ተቀመጥኩ።

ሦስቱ ገቡ። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጋሼ ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሾፌሩ በሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። አሰልጣኙ ቁርሱን በልቶ፣ ስንጥር አፉ ውስጥ እንዳለ ከምግብ ቤቱ ወጣ። ሰፊ ሰው ነው፣ በርን የሚሞላ። ጋሼ በሩሲያኛ አስቆሙት። ሰውየው ደንግጦ ሶፋውን አሳያቸው፤ ራሱም ተቀመጠ። እነሱ አልተቀመጡም። ተነሣ። እንደገና አሳያቸው። አልተቀመጡም። የመጡበት ነገር እሺ ሳይባል የሚቀመጥ ሽማግሌ የት አለ? ሻይ አስመጣላቸው፤ ሻዩም በቆመበት ቀዘቀዘ።

የተባባሉትን ጋሼ ኋላ ነገሩኝ።

"የልጁ አባት ነህ?" አላቸው አሰልጣኙ።

"አይደለሁም።"

"አያቱ?"

"ሦስታችንም" አሉ ጋሼ። ለእርቅ ሲባል ትንሽ መጨመር ነውር የለውም።

ሰውየው በጣቱ ቆጠራቸው። "ሰው ሁለት አያት ነው ያለው።"

"እኛ ዘንድ እንደ ጉዳዩ ክብደት ነው።"

"እና ስንት እንዲጫወት ነው የምትፈልጉት?"

"እናቱ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል ብላለች።"

እዚህ ላይ ሰውየው ሲስቅ እኔም ከጥጌ አይቻለሁ፤ ስንጥሩ ከአፉ ወደቀ። ወላጅ በየጊዜው ይመጣብኛል አለ፤ ሁሉም ልጄ ኮከብ ነው፣ ሙሉውን አጫውተው ይለኛል፤ አምስት ደቂቃ ብሎ የመጣ ግን አላየሁም። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "ቡድኔን ሆቴል በር ላይ አልመርጥም። ተቀመጡ።"

"ያስቡበት። እስኪያስቡ እንቆማለን" አሉ ጋሼ።

ቆሙ። የሾፌሩ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሰልጣኙ ጉልበታቸውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና ጉልበታቸውን አየ።

"እናያለን" አለ። ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። "ያቺ የቆመችው ሴትስ?"

ለካ እነሱ ሲቆሙ እኔም ቆሜ ኖሯል፣ ጋዜጣው እጄ ላይ እንደተዘረጋ። ጋሼ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "እሷን አናውቃትም" አሉ።

ውጭ ስንገናኝ ሐጂ ደስ ብሏቸዋል። "እናያለን ካለ ግማሽ እሺ ነው" አሉ። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተማሪ ሳለሁ መኝታ ክፍላችን ማሞቂያው ተበላሽቶ አመለከትን። እናያለን አሉን። ዲግሪዬን ካፖርት ለብሼ ነው የጨረስኩት።"

ከሰዓት በኋላ አራታችንም ጨዋታው ላይ ተገኘን፣ ሜዳውን ከከበበው መስተዋት አጠገብ። ሐጂ ሆኪ አይተው አያውቁም።

"የእኛ ልጅ የቱ ነው?"

"የተቀመጠው ነው፣ ሐጂ።"

"የተቀመጡት ብዙ ናቸው።"

"እነሱ እየተነሱ ገብተው ይወጣሉ። ጭራሽ የማይነሳው የእኛ ነው።"

ከጨዋታው ሦስት ክፍሎች የመጀመሪያው አለቀ። ልጄ አልገባም። ሁለተኛውም አለቀ፤ አልገባም። በሦስተኛው ክፍል ራሱን አቀርቅሮ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታና ሲያስር አየሁት። ሕፃን ሆኖም ለቅሶ ሲይዘው ማሰሪያውን ነበር የሚነካካው። ያን ጊዜ ጥርሱ ትዝ አላለኝም። አጥንቱም ትዝ አላለኝም። ይግባ እንጂ አልኩ በልቤ፤ አምስት ደቂቃ ያልኩበትን አፌን ረገምኩት።

ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከጎኑ የተቀመጠ ጢማም ግዙፍ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ቀጥሎ ሌላው ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ አግዳሚው ሙሉ ቆመ፣ ዱላቸውን እንደ ከዘራ ፊታቸው ተክለው። አሰልጣኙ ጮኸባቸው፤ የሚቀመጥ ጠፋ። ልጄ ብቻ ተቀምጦ ግራና ቀኝ ያያል።

እኔ ሰው ተጎድቶ መሰለኝና ደረቴን ያዝኩ። ሐጂ ግን ክንዴን ነካ አድርገው፣

"ኧረ ይቺ ነገር የእኛ ናት" አሉ።

ለካ አሰልጣኙ አውቶቡስ ውስጥ በልጄ ሊያሾፍ ብሎ የሦስቱን አያቶች ታሪክ ለተጫዋቾቹ ሁሉ ነግሯቸው ኖሯል፤ እሺ ካልተባሉ የማይቀመጡ ሰዎች አሉ ብሎ። በገዛ አፉ አስተማራቸው።

አሰልጣኙ ዞሮ ተመልካቹ መሀል ፈለገን። ሲያገኘን የእኔ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሾፌሩም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሰውየው ከፊት የቆሙትን አየ፣ ከኋላ የቆሙትን አየ። እጁን ዘረጋና የልጄን ትከሻ ነካ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሐጂ ያዩትን ይነግሩኛል። "ሮጠ። ወደቀ። ተነሣ። አሁን ደግሞ ሌላውን ጣለው፣ አላህ ይቅር ይበለው።" ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ዓይኔን ስከፍት አንድ ትልቅ የተጋጣሚ ተጫዋች ከእኛ ፊት መስተዋቱ ላይ አላተመው። ልጄ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከንፈሩ ደማ፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ተነሥ" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን "ይብቃህ፣ ውጣ" ነበር የምለው። ሳቀና ተነሣ።

ጎል አላገባም። ቡድኑም ተሸነፈ። ሲያልቅ አውቶቡሳቸው አጠገብ ጠበቅሁት። ከንፈሩ አብጦ መጣ።

"ማማ፣ ሦስት አያት ላክሽ?"

"እኔ?"

"ሆቴሉ ውስጥ ቆመሽ እንደነበር አሰልጣኙ ነግሮኛል።"

"እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር።"

"አንቺ ጋዜጣ አታነቢም።"

እውነቱን ነው፣ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

"አምስት ደቂቃ ያልሽው ለምንድነው? ከዚያ በላይ አልችልም ብለሽ ነው?"

ይቺን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። "አንተማ ትችላለህ" አልኩት። "የማልችለው እኔ ነኝ። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

ሩሲያኛ የሚጮኹ ሰዎች በመካከላችን ሻንጣ እየጎተቱ ያልፋሉ። ልጄ ያበጠ ከንፈሩን በጣቱ ነካ።

"የተጫወትኩት ሁለት ተኩል ነው" አለኝ በመጨረሻ፣ ሳይታሰብ በአማርኛ። "ግማሹ ይቀረኛል።"

"ሽማግሌዎቹን እንደገና ልላክልህ?"

"ተዪ፣ ማማ። ይበቃል።" ግንባሬን ስሞኝ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ከውስጥ ጢማሙ ሰውዬ በመስኮት አየኝና ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ አለልኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለ። ስሙ ተጽፏል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ። በሽማግሌ አልጻፍኩህም ብሎታል አሰልጣኙ፤ መስተዋቱ ላይ ተላትመህ ቶሎ ስለተነሣህ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልተቀበሉም። ሐጂ ግን አሰልጣኙን በስዊድን የመጀመሪያው የታረቀ ሩሲያዊ ብለው መዘገቡት።

እሁድ ስልኩ ጮኸ።

"ስንት ተጫወትክ?"

"ዘጠኝ፣ ማማ።"

"በዛ" ልል አፌን ከፍቼ በእጄ ከደንኩት።