በቀኝ ጠርቷል

ጠዋት፣ ከኮቦ

ከቤት የወጣነው ጎብዬ ገበያ ጨው ልናደርስ ነው፤ ለጎረቤት የነገርነው ይህንን ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የባለቤቴን የሰይድን ቀኝ ዓይን ሞራ ጋርዶታል። የደሴው ሐኪም ቶሎ ይገፈፍ ካለ ቆየ፤ እሱ ግን «መኪናዋን ማን ይነዳታል? ምን ልንበላ ነው?» እያለ አሻፈረኝ አለ።

«እኔ እነዳታለሁ» አልኩት። ከልቡ ሳቀብኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔ በቀር የጨበጥኩት ነገር የለም። ቢሆንም በክረምቱ ዕረፍት ሜዳ ላይ አለማመደኝ፤ የመለማመጃ ፈቃድም አወጣሁ። ሜዳ ላይ ደግሞ ግራ ቀኝ አይተው የሚወጡበት መገናኛ መንገድ የለም። ስለዚህ ተዋዋልን፦ ጎብዬ ደርሼ እስክመለስ እሱ መሪ ሳይነካብኝ ወደ አስፋልት መውጣት ከቻልኩ፣ ደሴ ይሄዳል።

የሰፈራችን ኮረኮንች አስፋልቱን የሚያገኝበት ላይ ቆምኩ። ሰይድ በረዳቱ ወንበር ተቀምጧል፤ ሰፊ ደረቱ የቀኙን መንገድ ይጋርድብኛል። እንደ ረዳቶች ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «በቀኝ ጠርቷል!» አለ። ግራዬን አይቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

በግራ የዞብል ተራራ፣ ግራና ቀኝ ሰው የሚያክል ማሽላ። ሮቢት ላይ ለአፍታ ቆመን በለስ ገዛን፤ ያኔ ሁለቱ ፍሬ በአምስት ሳንቲም ነበር። እሾኹን እየጠረገ አጎረሰኝ፤ እጄ ከመሪው አልላቀቅ ብሎ ነበር።

ጎብዬ

ገበያው ጢም ብሏል። ጨዉን የተረከቡን ሽማግሌ፣ ጋሽ እንድሪስ፣ ከመሪው ኋላ ሲያዩኝ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«አንተ ሰይዶ፣ ምነው ረዳት ሆንክሳ?»

«ሹፌሯ ጥላኝ እንዳትሄድ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሁና! አላህ ይጠብቃችሁ።»

ስንመለስ ከገበያው ወደ አስፋልቱ መውጫ ላይ ቆምኩ። በግራዬ ግመሎች ቆመዋል፤ ባለቤታቸው በእጁ እለፊ አለኝ። ሰይድ አንገቱን አወጣ። «በቀኝ ጠርቷል።» ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ።

ጥሩምባው ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ፤ ሞተሩ ጠፋ። ከወልድያ በኩል የመጣ የወታደር መኪና አፍንጫችንን ታክኮ አለፈ፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በላያቸው የተጫኑት ወታደር ልጆች ቁልቁል እያዩን ወደ ሰሜን ሄዱ።

ሰይድ ላብ አጥምቆታል። «አላየሁትም» አለ።

«ታዲያ ለምን ጠርቷል አልከኝ?»

«ድምፁን ገበያው ዋጠብኝ።» ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «ዘይነባ፣ ይህ ዓይን ከሰኔ ወዲህ ብርሃን እንጂ ሰው አይለይም። ብነግርሽ እንቅልፍ ታጫለሽ ብዬ ነው።»

መቆጣት ነበረብኝ። ይልቅ አለቀስኩ። ስንት ጊዜ በዚህ ዓይኑ ብቻውን የአለውሃ ምላሽን ቁልቁለት ወርዶ ወጥቷል! ሻሼን ፈትቼ ላቡን ጠረግኩለት።

«አሁን ወደ ኋላ ተደገፍ» አልኩት። ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። እኔም በደረቱ ላይ ተሻግሬ አንገቴን በእሱ መስኮት አወጣሁ። ልቡ ክንዴ ሥር ይመታል። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ አየሁ። ባለግመሉ አሁንም እለፊ ይለኛል፤ ደግነት ነው፣ መንገዱን ግን እሱም አላየልኝም። ባዶ መሆኑን በዓይኔ አረጋግጬ ወጣሁ።

ኮቦ፣ ቤት

ግቢያችን ገብቼ ሞተሩን ሳጠፋ ሰይድ ሁለት እጆቹን አነሳ። «መሪውን አልነካሁብሽም።»

«ውሉ ውል ነው።»

«ውል ነው» አለና በሩን ከፍቶ ወረደ።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት የምወደው ሰው ባየልኝ ላይ የራሴን ማየት መጨመርን ነው። ደሴ ልወስደው የተነሳን ዕለት የሰፈራችን መውጫ ላይ ቆምኩ። ሰይድ ሳልነግረው ወደ ኋላ ተደገፈልኝ፤ በደረቱ ላይ ተሻግሬ ሳይ፣ ጆሮዬ ሥር ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጠርቷል?»

«ጠርቷል» አልኩት፤ ወጣን።