ከአባይ በረሃ ያመጣሁት ድንጋይ

የጽዋ ማኅበራችን በእኔ ተራ ቤቴ በተሰበሰበ ቀን፣ እንደ ልማዴ ድንጋዩን አወጣሁ። ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በረሃ ወርጄ ያመጣሁት ነው፤ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ላዩ ላይ ተጣብቆ ደርቋል። ባሕር በሌለበት አገር ይህ ከየት መጣ? ከጥፋት ውኃ ነው እላለሁ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁትም መጽሐፍ ያነበብኩትም በራሴ ነው።

ያን ቀን ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ነበር። የምትማረው ስለ ድንጋይ ነው። ቀልድ የሚወድ አንድ ማኅበርተኛ፣ “እስቲ የድንጋይ ሐኪሟ ትናገር! አባትሽ እውነቱን ነው?” አላት።

እኔን አየችኝ። ለልጆቼ ከጸሎት ቀጥሎ ያስተማርኳቸው አለመዋሸትን ነው።

“አባባ፣ ልናገር?”

“የምታውቂውን ተናገሪ።”

“ከጥፋት ውኃ አይደለም። ሰው ከመኖሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ ባሕር ነበር” አለች።

“በል እንግዲህ፣ ያስተማርካት ልጅ ጉድ ሠራችህ!” አለ ሰውየው። ቤቱ ሳቀ፤ የማኅበሩ ቄስ ብቻ አልሳቁም።

አልተቆጣሁም፤ አላዘንኩምም። ውስጤ ብርድ እንዳደነዘዘው እጅ ሆነ። ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሼ ጠላ መቅዳት ጀመርኩ።

ዛሬም ከጥፋት ውኃ ነው እላለሁ። ነገር ግን እውነት ተናገሩ ብሎ ልጅ የሚያሳድግ አባት፣ ንግግሩ በእሱ ላይ ሲመጣ መቀየም አይገባውም። በማግስቱ ወደ ትምህርቷ ለመመለስ ወደ ደሴ ስትሳፈር፣ “ያልሽውን አልቀበልም፤ በመናገርሽ ግን አልተቀየምኩሽም” አልኳት።

“እሺ፣ አባባ” ብላ ገባች። ሚኒባሱ ሲሄድም ድንዛዜው አለቀቀኝም።