ያለ ክፍተት የበየድኩት ሐዲድ

አሮጌው የባቡር መስመር በቤታችን ጀርባ ያልፋል። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሐዲዱ የእግር መንገድ ሆኖ ኖረ። ከገበያ የሚመለስ ይሄድበታል፤ ልብስ ይሰጣበታል፤ የሰፈሩ በጎች በመካከሉ የበቀለውን ሣር ይግጣሉ። አንድ ባለሱቅ ሱቁን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደፊት እየገፋ የበረንዳውን ምሰሶ ሐዲዱ አጠገብ አቁሞ ነበር። ብሎኑንና ዳዶውን እየፈቱ ለቆራሌው የሸጡም አሉ። እኔ ይህን ሁሉ አወግዝ ነበር። የሕዝብ ንብረት የሚነካ እጅ ነገ የወንድሙን ኪስ ይነካል እያልኩ፣ የሚሰማኝ ኖረም አልኖረም፣ ሳልናገር ያለፍኩበት ቀን የለም። ለዚህም ነው ሰፈሩ «ሰባኪው» የሚለኝ።

ከቃሊቲ በኩል ጥቂት መንገድ ብቻ የምትሄድ የጎብኚዎች ባቡር አለች። አሮጌ ፉርጎዎች ተጠግነውና ቀለም ተቀብተው፣ ሰው በእረፍት ቀኑ ልጆቹን ይዞ የሚሳፈርባት ናት። ይህችን ባቡር እስከ አቃቂ ጣቢያ ለማድረስ የተተወው መስመር ሊከፈት ነው ሲባል ሰፈራችን አላመነም። ሣሩ ሲታጨድ፣ ቆሻሻው ሲጫን፣ ባለሱቁም እያጉረመረመ ምሰሶውን ሲነቅል ግን አመነ።

የመጀመሪያ ልጄ እዚያው ባቡሯ ላይ ትሠራለች፤ ጎብኚ የምትቀበለውና የምታሳፍረው እሷ ናት። በያጅ ሲፈለግ «አባቴ አለ» አለች። ለዚህ ሥራ የበቃሁት በእሷ ቃል ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ብየዳም ማንም አላስተማረኝም። ሳሪስ አንድ ጋራዥ በር ላይ እየቆምኩ፣ በብልጭታው ዐይኔ አብጦ እስኪደፈን ድረስ እያየሁ የለመድኩት ነው። ዛሬ እዚህ አቃቂም ሆነ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእኔ የላሜራ በርና የቱቦላሬ መስኮት ያለበት ቤት ብዙ ነው። ማንበብም የተማርኩት በራሴ ነው። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ በሽታ አለበት፦ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ያልተማረ እንዳይባል ስለሚፈራ፣ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ይሠራዋል። ይህን ስለ ሌላ ሰው እየተናገርኩ አይደለም።

የሥራው አለቃ ጡረታ ከወጡ በኋላ ተለምነው የተመለሱ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። የባቡር ሰዎች አለቃቸውን «ሼፍ» ነው የሚሉት፤ እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። ሰኞ ጠዋት ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ኩርባ ወስደው ሥራዬን አሳዩኝ።

«ሁለቱ ሐዲድ የሚገናኝበትን ታያለህ? ከጎንና ከጎኑ ጠፍጣፋ ብረት አለ። ብሎን የጎደለውን አሟላ፣ የላላውን አጥብቅ፣ ዝገቱን ፋቅ። እኔ ሦስት ቀን የወንዙ ድልድይ ላይ ነኝ።»

ብሎኑን አሟላሁ፣ አጠበቅሁ፣ ዝገቱን ፋቅሁ። ዝገቱ ሲነሳ በየመጋጠሚያው፣ በሁለቱ ሐዲድ ጫፍ መካከል የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት አየሁ። ዐይኔ አልወደደውም። የእኔ ብየዳ የሚታወቀው መገጣጠሚያው ስለማይታይ ነው። ይህ ደግሞ አፉን ከፍቶ የቀረ፣ ዕድሜ የበላው ሥራ መሰለኝ። ጄኔሬተሩ አጠገቤ ነበር፤ ኤሌክትሮድም ነበር። የመጀመሪያውን ክፍተት በብየዳ ሞላሁትና በግራይንደር አለሰለስኩት። እጄን ባሳልፍበት እንደ አንድ ብረት ሆነ።

አብሮኝ ድንጋይ የሚሞላ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ይሄን ደግሞ ማን አዘዘዎት?»

«ጥሩ ሥራ ትእዛዝ አይጠብቅም» አልኩት።

«እንግዲህ ስብከቱ ጀመረ!» ብሎ ሳቀና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

የኅዳር ጠዋት ነው፤ ብረቱ በረዶ ይመስላል። በሦስት ጠዋት አሥራ አንድ መጋጠሚያ፣ በተከታታይ፣ ኩርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘጋሁት። ሐሙስ በማለዳ ባቡሯ ባዶዋን ተሞከረች። ኩርባው ላይ ምንም ሳትንገጫገጭ ሄደች፤ ሾፌሩም በመስኮት አውራ ጣቱን አሳየኝ። ሼፍ ከድልድዩ በዚያችው ባቡር ሲያልፉ ወደ ውጭ እንኳ አላዩም፤ ከሾፌሩ ጋር ወሬ ይዘው ነበር። ቤት ገብቼ ስለ ሥራ ጥራት ለልጆቼ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ሁለተኛው ልጄ ሲያዛጋ አይቼ ተቆጣሁት።

ዓርብ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ምሳዬን ኩርባው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ፀሐዩ ይጋረፍ ነበር። በልቼ ስጨርስ፣ የበር ቋሚ መቅናቱን እንደማይበት አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ሐዲዱን ቃኘሁት። ጠማማ ነበር። የኩርባው መጠምዘዝ አይደለም፤ ከኩርባው ወገብ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ወደ ውጭ አብጧል። ሥሩ የነበረው ጠጠር ተገፍቶ ተከምሯል። ጠዋት እንዲህ አልነበረም። ሄጄ ብረቱን በመዳፌ ነካሁትና እጄን መለስኩ፤ ያቃጥላል።

ያን ጊዜ ገባኝ። የላሜራ በር ስሠራ ከቋሚው ጋር የክብሪት እንጨት የምታስገባ ክፍተት እተዋለሁ። ካልተተወች በሩ ቀን በፀሐይ ይነፋና አልከፈትም ይላል። ይህን ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ታዲያ ሐዲድ ላይ ስደርስ እውቀቴን የት ጥዬው መጣሁ? ክፍተቱ የተተወው ብረቱ ሲሞቅ እንዲረዝምበት ነው። እኔ ዘጋሁበት፤ መሄጃ ሲያጣ በጎን ወጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ የመጀመሪያው ጉዞ ነበር። በሦስት ሰዓት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ይሳፈራሉ፤ አቃቂ ጣቢያ ቆይተው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ በዚህችው ፀሐይ፣ በዚህ ኩርባ ይመለሳሉ። አብራቸው የምትሄደው ልጄ ናት።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ወዲያው ሮጬ ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ደመና ሲመጣና ፀሐዩ ሲያዘነብል ሐዲዱ ቀስ እያለ ተመለሰ። አሥር ሰዓት ላይ ጠማማ ነው ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ ሰይጣን ያለኝን ሁሉ እጽፋለሁ። «ማንም አላየም። በር የሚሠራ ሰው ስለ ሐዲድ ምን ያውቃል? ነገ ደመና ሊሆን ይችላል። ልጅህን አታሳፍራት፤ ያስቀጠረችህ እሷ ናት።» የመጨረሻው በጣም ፈተነኝ፤ ፍርሃቴ የአባት ፍቅር መስሎ መጣ። ብሎን የሰረቀ ሰው የሰረቀበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይመሰክርበታል። የእኔ ጥፋት ግን ተወልውሎ፣ ሥራ መስሎ ተቀምጧል። የሰፈሩን ሌባ ሁሉ ሳወግዝ ኖሬ፣ ባቡሯን ሊገለብጥ የደረሰው የእኔ እጅ ሆነ።

ተነሥቼ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ቢሮው ኮንቴይነር ነው፤ አንዲት ጠረጴዛ አለችው። ሼፍ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ልጄ ከፊታቸው ተቀምጣ የተማሪዎቹን ዝርዝር ታያለች።

«ሼፍ፣ አንዴ ውጭ ላነጋግርዎት» አልኩ።

«እዚሁ ተናገር ወንድሜ። ጉልበቴ ከድልድዩ አልተመለሰም።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን መጽሐፍ ጥላ፣ በጓደኛዋ አሳብባ ነበር። እኔ ሰምቼ እጇን ይዤ ክፍሏ ድረስ ወሰድኳት። «ጥፋት በሰው ፊት ነው የሚነገር» ብዬ አርባ ልጅ ፊት አቆምኳት። አንድ ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ያኔ ልክ እንደሆንኩ አልተጠራጠርኩም ነበር። ዛሬ እውነቱን መናገሯ ልክ ነበር፣ አርባ ልጅ ፊት ማቆሜ ግን ጭካኔ ነበር እላለሁ። ሆኖም ያንን በእሷ ላይ አድርጌ፣ የራሴን ጥፋት ከእሷ ተደብቄ በር ላይ ማንሾካሾክ አልቻልኩም።

«ኩርባው ላይ የሐዲዱን ክፍተት በብየዳ ሞልቼዋለሁ» አልኩ። «ዛሬ በፀሐይ ሲያብጥ አይቼዋለሁ። ነገ ባቡሯ ማለፍ የለባትም።»

ሼፍ እግራቸውን ማሸት ተዉ።

«ስንቱን?»

«አሥራ አንድ።»

«በተከታታይ?»

«በተከታታይ።»

«በስመ አብ! ኩርባው ላይ!» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ባቡር ላይ ስሠራ ነው ያረጀሁት። የሚሰርቅ አይቻለሁ፣ የሚሰንፍ አይቻለሁ። በትጋት ብዛት ሐዲድ የሚያፍን ግን አንተን አየሁ። ብረት እንደሚረዝም አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሐዲድ ወፍራም ነው፣ ፀሐይ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው። መጠየቅም አፈርኩ።»

ልጄን ማየት ፈራሁ። ስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ፤ ከዚያ ስልክ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ ርእሰ መምህር። የነገው ጉዞ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል… አዎ፣ ይቅርታ፣ ልጆቹ እንደሚያዝኑ ገብቶኛል… የሐዲዱ ሥራ ላይ የሚስተካከል ነገር ተገኝቶ ነው… አይ፣ በጊዜ ነው የታየው።»

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ሰው ጠይቆዎት ነው የተናገሩት?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ከጥግ የነበረችውን ወንበር አንሥታ አጠገቤ አኖረችልኝ። ተቀመጥኩ።

«ነገ ሳይሞቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ግራይንደርህን ይዘህ ና» አሉ ሼፍ። «የማባርርህ ቆርጠህ ስትጨርስ ነው።»

ሥራው እንደ በር ብየዳ ፍቆ መጣል አልነበረም። የሐዲድ ብረት በእኔ ዓይነት ብየዳ ሲነካ እንደ ሸክላ ይሰባበራል አሉኝ። ስለዚህ የበየድኩት ጫፍ ሁሉ ተቆርጦ ተጣለ፤ ያጠሩትን ሐዲዶች አንሥተን ከጣቢያው ግቢ በተገኙ ሌሎች ተካን። በየመጋጠሚያው ሼፍ አንዲት የብረት ቁራጭ እያስገቡ ክፍተቱን ይለኩና ብሎኑ ሲጠብቅ ያወጧታል። የመጨረሻውን ስቆርጥ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቆርጬ ላልፍ ስል ሐዲዱ ተጠጋና የግራይንደሩን ዲስክ ነክሶ ሰበረው። ስባሪው በጆሮዬ አጠገብ አለፈ።

«አየኸው?» አሉ ሼፍ። «ታፍኖ የቆየ ብረት ነው፤ እስካሁን ጠብቆህ ነው።»

ያባርሩኛል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር። እሳቸው ግን መለኪያዋን ብረት እጄ ላይ አኖሩና ሰኞ ወደ ድልድዩ እንድሄድ አዘዙኝ። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ከመበየድህ በፊት ሦስት ጊዜ ትጠይቀኛለህ። ቢሰለቸኝም ትጠይቀኛለህ።» ስንት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አላዘዘኝም ነበር። ቀለለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ መጡ። ልጄ አሳፍራ ከጨረሰች በኋላ ከበሩ ጎንበስ ብላ፣ መምህራኑ እየሰሙ፣

«አባባ፣ ሌላ የበየዱት የለም አይደል?» አለችኝ።

«ሂጂ ወዲያ!» አልኩ። በአደባባይ ስታሾፍብኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ለመልሱ ጉዞ ኩርባው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሐዲዱ ያቃጥላል፤ መስመሩ ግን ሳያብጥ በቦታው ነው። በየመጋጠሚያው ጎንበስ እያልኩ አየሁ፤ ክፍተቱ ጠቧል፣ አልተዘጋም። ባቡሯ መጣች። ልጆቹ በየመስኮቱ እየጮኹ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ልጄ መካከላቸው ቆማ አንዱን ከመስኮት ወደ ውስጥ ትጎትታለች። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሣኝ የነበረው ነገር ከደረቴ ወረደ። ድንጋይ የሚሞላው ሠራተኛ ውሃ አቀበለኝ። ስብከት እየጠበቀ ይመስለኛል፤ ጠጥቼ አመስግኜ መለስኩለት።

በቤታችን ማዕድ ላይ ወሬ አይፈቀድም፤ የእኔ ሕግ ነው። በዚያ ምሽት ልጄ ሕጉን ጥሳ ታሪኩን ለእናቷና ለታናናሾቿ አወራች። ሼፍን እያስመሰለች፣ ጫማ ፍለጋውን ሳይቀር አሳየቻቸው። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ሁለተኛው ልጄ እኔን እያየ መሳቅ ፈርቶ ጉንጩን ነፋ። ላስቆማት ብዬ እጄን አነሣሁ።

«ሁለት ሦስት መጋጠሚያ ቢሆን ነው እንጂ ብዙ አልነበረም» አለች፣ እኔን ለማዳን።

እጄን መለስኩ።

«አሥራ አንድ ነው» አልኩ። «አትዋሺ።»

ያን ጊዜ ሁለተኛው ልጄም ሳቀ። ተውኩት፤ ይሳቅ።