ምክንያት፦ ኬርለስ

ዘይት ፋብሪካ የተቀጠርኩ ቀን ሥራ አስኪያጁ ታይፕራይተርና አንድ ጥራዝ የአደጋ ቅጽ ሰጠኝ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ኢንሹራንሱ እንግሊዞች በያዟት ኤደን ስለነበር ቅጹ በእንግሊዝኛ ይሞላል። «ምክንያት በሚለው ላይ ‹ኬርለስ› ብለህ ሙላ» አለኝ። «አደጋው ገና ሳይደርስ?» ስለው፣ «አንተ ጻፍ» አለ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ ላይ ቀለም ስደፋ መምህሬ በቀይ ይጽፉብኝ ነበር። ግዴለሽ ማለት ነው። ለቀለም ደፊስ ይሁን። ተሸካሚው ዑመር ግን ቁልሉ ተንዶ እግሩን ሲሰብረው ኬርለስ ተባለ። ጆንያውን እስከ ጣሪያ ያስቆለለው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ኬርለስ ተብሎ አያውቅም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኬርለስ የተባለ ካሳ የለውም። ቅጹ የሚላከው ደግሞ ለሠራተኛው በአማርኛ ተነቦለት አውራ ጣቱን ሲያሳርፍበት ነው። አንባቢው እኔ ነኝ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ «ድንገተኛ አደጋ» እላለሁ። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ስድስት ዓመት እንዲሁ አስፈረምኩ።

ሐሊማ ከዋሂል ገጠር መጥታ ከመጭመቂያው ሥር የፈሰሰ ሰሊጥ የምትጠርግ ሴት ነበረች። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ መሸፈኛ ነበረው። ለጽዳት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ያስነሳው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ትእዛዙንም በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ቺንጋው የቀኝ እጇን ሦስት ጣት ወሰደ።

ከሆስፒታል እንደወጣች ቢሮ ተጠራች። «አንብብላትና በግራ አውራ ጣቷ አስፈርማት» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ፋሻዋን እያየሁ ያንን ውሸት መድገም አቃተኝ። «ምክንያቱ፣ ሐሊማ ግዴለሽ ስለሆነች» ብዬ እንዳለ አነበብኩት።

«እኔ?» አለች። «አቦ፣ መሸፈኛውን እኔ ነኝ ያነሳሁት? ወላሂ አልፈርምም።»

«ምን አልካት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ያስጻፍከኝን» አልኩት።

የትእዛዙን ካርቦን ቅጂ ሰጠኋት። ዳኛ ፊት ይዛው ቀርባ ካሳዋን አገኘች። እኔ ተባረርኩ።

በሳምንቱ ዑመር እያነከሰ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቤቴ መጣ። የሐሊማን ወሬ ሰምቷል።

«የእኔስ ወረቀት ምን ይል ነበር?»

ነገርኩት። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው የፈረምኩት» ብሎ ተመለሰ።

ጽሕፈት ሥራ ለምትገቡ፦ ሰው የሚፈርምበትን ወረቀት ቃሉን እንዳለ አንብቡለት።