የጋሽ ደምሴ የግራ ፔዳል

ፔዳሉን በሞርሳ አስሬ እሳት ሳስጠጋለት፣ ውስጡ የደረቀው ግራሶ መጨስ ጀመረና የዳቦ ሽታ ሸተተኝ። የጠበቅሁት የተቃጠለ ዘይት ነበር። የመጣው ግን ከምድጃ አሁን የወጣ፣ ጠርዙ ትንሽ የነደደ የዚያ ረዥም የፈረንሳይ ዳቦ ሽታ ነው። እሳቱን አጠፋሁና ወደ በሩ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

የባሕር ጨው ያጣበቀውን ኩሽኔታ በማላቀቅ በዚህ የወደብ ከተማ አቻ የለኝም። ያላመነ ካርቲየ 6 የሚባለውን ሠፈራችንን ዞሮ ይጠይቅ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የግራ ፔዳል እንደ ሌላው ቡሎን እንደማይፈታ፣ ወደ ተቃራኒው መዞር እንዳለበት እንኳ ያወቅሁት ስንት መፍቻ አጣምሜ ነው። ስለዚህ የሽታው ምክንያት ወዲያው ገባኝ። ፔዳሉ የተፈታበት ብስክሌት የዳቦ ማመላለሻ ነበር፤ የዱቄት ብናኝ ከግራሶው ጋር ተለውሶ እዚያው ኖሯል። ነገሩ ገብቶኝም ግን ደግሜ ወደ በሩ አየሁ። ፔዳሉ የጋሽ ደምሴ ነዋ።

የጋሽ ደምሴ አባት በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ልጃቸው ግን ባቡር አይወዱም ነበር። «ባቡር የሚወስድህ ሐዲዱ ወደፈለገው ነው» ይሉ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ የሱሪያቸውን አንድ እግር ሁልጊዜ በልብስ መቆንጠጫ የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። ብስክሌታቸው ጥቁር ነው፤ ከፊቱ ትልቅ የሽቦ ቅርጫት አለው። ጎህ ሲቀድ ከዳቦ ቤቱ ይነሱና ሄሮን በሚባለው የባለጸጎች ሠፈር ላሉት ነጫጭ ቤቶች ያድላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የራሳቸውን ዳቦ ይዘው ወደ ሠፈራችን ይመለሳሉ።

ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። የግራ ፔዳላቸው በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ቀጭ፣ ዝም፣ ቀጭ። የሶማሌ ልጆች በቋንቋቸው ዳቦውን እየጠሩ «ሮቲ! ሮቲ!» ሲሉ፣ እኛ ደግሞ በአፋችን ቀጭ ቀጭ እያልን ከኋላ እንሮጣለን። ጋሽ ደምሴ የጎረቤቱን ብስክሌት ሁሉ የሚጠግኑ ባለሙያ ስለነበሩ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚሰፋው የመናዊ ልብስ ሰፊ አይተዋቸውም።

«አንተ ደምሴ! የሰው ብስክሌት ታክማለህ፣ ያንተው ያቃስታል!»

«ተወው፣ ብቻዬን ስሄድ ያጫውተኛል» ይሉትና ያልፋሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ዓይናቸው አያይም ነበር። ብርሃናቸው የጠፋው ሮማን የምትባለውን አንድያ ልጃቸውን በወለዱ ሰሞን ነው ይባላል። ቀጭ የሚለውን ከሩቅ ሲሰሙ ከተቀመጡበት ይነሳሉ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ይሄዱና ብስክሌቱ ደጃፍ ሳይደርስ የቆርቆሮውን በር ከፍተው ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ዳቦው እጃቸው ላይ ያርፋል። ጋሽ ደምሴ የገዛ ቤታቸውን በር ሲያንኳኩ ያየ ሰው የለም።

በከምሲን ወራት፣ ያ ከበረሃ የሚነሳ ትኩስ ነፋስ ከተማውን ሲለበልብ፣ ጋሽ ደምሴ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቀው ቀሩ። አለቀስን፣ ቀበርን። እትዬ ብርቄም ጥቁር ለበሱ። አርባቸው ሳይወጣ ትልልቆቹ ሰዎች ብስክሌቱ ዳቦ ቤት መቅረቱን አስታወሱና የሚያመጣ ልጅ ፈለጉ። ያንን የሚያህል ብስክሌት መንዳት የሚችል ልጅ በሠፈሩ ከኔ በቀር አልነበረም። ኮርቻው ላይ ባልደርስም በአግዳሚው ብረት ሥር እግሬን አሾልኬ፣ በጎን ተንጠልጥዬ እነዳለሁ። ሌላው ቢሆን እየገፋ ያመጣው ነበር። እኔ ነዳሁት።

ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ደረቴን ነፍቼ ሠፈር ስገባ፣ ማንም «ሮቲ» አላለም። ልጆቹ ግድግዳ ተጠግተው ያዩኛል። የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ቆመ። ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የሰማው፤ ከሥሬ ቀጭ፣ ዝም፣ ቀጭ። ቀና ስል የቆርቆሮው በር ተከፈተ።

እትዬ ብርቄ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ዛሬስ ቆየህብኝ» አሉ።

ዳቦ የሚጠብቁት እጆች ባዶ ሲሆኑባቸው ወደ ፊቴ መጡ። ግንባሬን ዳሰሱ፣ ጉንጬን ዳሰሱ፣ ጢም የሌለው አገጬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሙቀት።

«አንተ ነህ እንዴ የኔ ልጅ» አሉ ቆይተው። «በል አስገባው፣ ጨው ይበላዋል።» ብስክሌቱን አስደግፌ ስወጣ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገም ንዳው እስቲ» አሉኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «ሙት አይጠራም! ሁለተኛ እንዳትነካው!» አልነካሁትም። ማንም አልነካውም። ብስክሌቱ ግቢው ውስጥ እንደቆመ የባሕሩ አየር ሰንሰለቱንም ፔዳሉንም አንድ ብረት አደረገው። ግን እትዬ ብርቄ እስኪሞቱ ድረስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ የቆርቆሮ በር ሲከፈት እሰማ ነበር። በጆሯቸው ማን ይነዳላቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በቀደም ሮማን የግራውን ፔዳል በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። እሷም እንደኔው አርጅታለች፣ የልጅ ልጅ አይታለች።

«እንደ ሐር አድርጌ እመልስልሻለሁ» አልኳት። «ሲዞር ትንፍሽ አይልም።»

«እኔ የምፈልገው እንዲጮህ ነው።»

«ከኔ እጅ እየጮኸ የወጣ ፔዳል የለም፣ ሮማን።»

«ኧረ ጉረኛ! እንግዲያው ሃያብለ ሠፈር ወርጄ አንዱን ጎረምሳ ልፈልግ?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «የአባቴን ፊት አላስታውሰውም፤ ሕፃን ነበርኩ። የቀረኝ ያ ድምፅና እማዬ ስትነሳ ነው። አሁን ድምፁም እየሸሸኝ ነው። በአፌ ልለው እሞክርና አይመጣልኝም።»

ስለዚህ እጄ እየፈራ ሠራሁ። ኃይል ብጠቀም የኩሽኔታው ቤት ይሰነጠቃል፤ ያ ከሆነ የምትፈልገው ድምፅ ለዘለዓለም ሄደ። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ዛሬ እሳት አስጠጋሁለት፣ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ አንኳኳሁት። ብረት ሊለቅ ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ የደነቆረው ይጠራል። ጠራልኝ። ዳዶው እያቃሰተ ዞረ፣ የኩሽኔታው የብረት ብዮችም አንድ በአንድ ሳህን ላይ ወደቁ።

ጠረግኋቸው። ሁሉም ዝገት የበላቸው ድቡልቡል ነበሩ። አንዷ ግን ጎኗ ጠፍጣፋ ነው። በመነጽር አየኋት። መንገድ ብረትን እንዲያ አይበላም፤ ጭረቶቹ ቀጥ ያሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተሻገሩ ናቸው። ብዪቱን በሁለት ጣት ይዞ፣ ድንጋይ ላይ ታግሶ የሞረዳት ሰው አለ። ይህን ያህል የሚታገሥ እጅ ያየሁት የራሴንና የጋሽ ደምሴን ብቻ ነው። «ያጫውተኛል» ያሉት ሰው፣ ዓይናቸው ለማያይ ሚስታቸው መምጣታቸውን የሚነግር አፍ ነበር ያበጁት።

የዛጉትን በአዲስ ተካሁ። ጠፍጣፋዋን በግራሶ ለውሼ ቦታዋ መለስኳት። እያወቅሁ ጉድለት መልሼ የገጠምኩት ይህን ፔዳል ብቻ ነው፤ ከሥራዎቼ ሁሉ በላይ የምኮራበት እሱ ነው።

ሮማን አመሻሹ ላይ መጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፔዳሉን በመዳፌ ጫን ብዬ አዞርኩት። ዝም አለ። የሰው እግር ክብደት እንደሚያስፈልገው አስታወስኩና በሙሉ ትከሻዬ ተደግፌ አዞርኩት።

ቀጭ።

ሮማን ተነሳች። ወደኔ አልዞረችም። ዓይኗ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ወደ በሩ ሄደች። የኔ በር ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። እጇ መወርወሪያውን ፈልጎ አጣና አየር ላይ ቀረ።

«አታቁም» አለችኝ፣ መንገዱን እያየች።

አዞርኩ። የዳቦው ሽታ ከክፍሉ ገና አልወጣም ነበር።