እግርን የሚያይ ጨረር

ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ አውቶብስ እየነዳሁ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ስኳር አለብህ ከተባልኩ በኋላም መሪውን አልለቀቅኩም። እግሬ ቀስ በቀስ መደንዘዙን ግን ልብ አላልኩትም። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረችው ልጄ ካልሲዬን አየችና ጮኸች።

"አባዬ፣ እግርህ እየደማ ነው!"

ሚስማር የጫማዬን ሶል በስቶ ገብቶ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ በዚያው እግር ነዳጅና ፍሬን ስረግጥ ውያለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ቁስሉ አመረቀዘና የቀኝ እግሬ ጣቶች ተቆረጡ። ከማኪና ወርጄ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ሻጭ ሆንኩ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ልጄ ሐኪሙን፣ "እግሩ መደንዘዙን ሳይቆስል በፊት ማወቅ አይቻልም ነበር?" ስትለው ትዝ ይለኛል።

"ስኳር እግርን ሲያደነዝዝ ቆዳው ቀድሞ ይደርቃል፤ በዓይን መለየቱ ግን ያስቸግራል" አላት።

ልጄ አድጋ ፊዚክስ ተማረች፤ ውጭ አገር ሄዳም ቀጠለች። በስልክ ቴራኸርዝ ስለሚባል ጨረር ትነግረኝ ጀመር።

"በሬዲዮ ሞገድና በብርሃን መካከል ያለ ነው፣ አባዬ። እንደ ራጅ እስከ አጥንት አይዘልቅም፤ ከቆዳው አያልፍም። ውሃ ስለሚውጠው፣ ከእርጥብ ቆዳና ከደረቅ ቆዳ የሚመለሰው ይለያያል። በዚያ ድርቀቱን እንለካለን።"

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት መጣች። ቀሐ ወንዝ ወርደን ታቦት ካጀብን በኋላ፣ በዚያው ሰሞን ለሐኪሞች ንግግር እንድታደርግ ተጋበዘች። እኔም ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለነበር ብዙው አመለጠኝ። ግድግዳው ላይ የታየው የውስጥ እግር ምስል ግን ገባኝ፤ የደረቀው ቦታ ቀይ፣ እርጥቡ ሰማያዊ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ሐኪም እጃቸውን አነሡ። "የቆዳ በሽታ ሞልቶ ሳለ ምነው እግርን መረጥሽ?" አሉ በአማርኛ።

እሷም በአማርኛ መለሰች። "አባቴ እዚህ ተቀምጧል። ሾፌር ነበር። እግሩ ሲቆስል አላወቀም። ቀድሞ የሚነግረው ነገር ቢኖር ኖሮ ጣቶቹ አይቆረጡም ነበር።"

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ አጨበጨበ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ሐኪሞቹ በጨረሩ የሚለካው መሣሪያ መቼ እንደሚመጣ ጠየቋት። አልዋሸችም። "ገና ምርምር ላይ ነው። እስከዚያው ሕመምተኞቻችሁ በየቀኑ እግራቸውን እንዲያዩ ንገሩልኝ" አለች። በዚህ ደግሞ የባሰ ኮራሁባት።

ስንወጣ ሽማግሌው ሐኪም እጄን ጨብጠው፣ "ሸጋ ልጅ አሳድገዋል" አሉኝ።

ደረጃው ጋ ስንደርስ ልጄ ክንዷን ሰጠችኝ። ድጋፍ አላስፈለገኝም ነበር፤ ግን ያዝኩት። የማን አባት እንደሆንኩ ሰው ሁሉ ይይ ብዬ ቀስ እያልኩ ወረድኩ።