የወንዙ እንግዳ ሴት ስትሆን

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላት ፀጉር ሠሪ ወሬ ሲያልቅባት ወደ ተረት ትዞር ነበር። ደንበኞቿ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ከእናቷ የሰማችውን ታወራላቸዋለች፤ ከወንዝ የወጣ እንግዳ በር አንኳኩቶ ውሃ ይለምናል፣ ውሃውን ያቀበለችው ልጅ ተከትላው ትሄዳለች፣ በዚያው ትቀራለች።

አንድ ቀን የሰፈሩ መምህር ሚስት ጥፍሯን እያደረቀች፣ «እስከ መቼ ነው ሴቷ ብቻ የምትወሰደው? አንዴ እንኳ ወንዱ ይሂድ እንጂ» አለች።

«እውነትሽን ነው» አለችና እትዬ ገለበጠችው። እንግዳዋ ሴት ሆነች፣ ውሃ አቀባዩ ወንድ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ተረቱም ከዚያ ወጥቶ በየቤቱ ገባ።

ፀሐይ አናት በሚበሳበት አንድ ቀትር ላይ አንዲት የማትታወቅ ሴት መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯ ይንጠባጠባል። «አድርቂልኝ» አለች። እትዬ ማድረቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ብትይዘው ብትይዘው ውሃው አልቆም አለ። እጇ የወንዝ ጭቃ ሸተተ።

«ውሃ ታጠጡኛላችሁ?» አለች ሴትየዋ፣ በመስታወቱ ውስጥ የጓዳውን በር እያየች።

ጓዳ ምሳውን ይበላ የነበረው የእትዬ ታናሽ ወንድም ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ። እትዬ ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ ራሷ አቀበለቻት።

ሴትየዋ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። «በድሮው ተረት ቢሆን ወንድሜ አንቺን ይዞሽ ይሄድ ነበር» አለች ረጋ ብላ። «እኔን ግን የጠራችሁኝ ለወንድ ነው።» ወጥታ ሄደች።

«ምን ሆነሻል እትዬ? ሰው ውሃ ቢጠጣ ምን አለበት?» አለ ወንድሟ። እትዬ በሩን ቆለፈችበትና በየደንበኞቿ ቤት ዞረች። ያን ተረት ተዉት ብላ ብትለምን፣ «ሙቀቱ ነው፣ አረፍ በይ» እያሉ ሳቁባት።

የመምህሩ ቤት ስትደርስ በሩ ክፍት ነው፣ ደፉ ረጥቧል። ሚስቱ ጓሮ ልብስ እያሰጣች፣ «ግቢ እትዬ፣ እሱ አንዲት እንግዳ ውሃ ለምናው እየሰጣት ነው» አለቻት። ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ሰፈርተኛው ወንዙን ዳር እስከ ዳር አሰሰ። መምህሩ አልተገኘም።

ክረምቱ ሲገባ ሚስቱ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ፀጉሯ ታጥቦ ሲያልቅ፣ «እትዬ፣ ያኛውን አውሪልኝ» አለች። «የቱን?» አለች እትዬ።

«የድሮውን። ሴቷ የምትሄድበትን። እሱ ወዳለበት እንዲወስደኝ።»

እትዬ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላትና ማበጠር ጀመረች። ያወራችላት ስለ ክረምቱ ዝናብ ብቻ ነበር።